ዙር ጥራ፤ በመቱ ቪዲዮ ቤት ማይክሮፎን የያዝኩባቸው ዓመታት

አሁን የምሠራው ፍርድ ቤት ነው። ኦሮምኛ የማይሰማ ባለጉዳይ ወይም ምስክር ሲቀርብ በእሱና በዳኛው መካከል ቆሜ አስተረጉማለሁ። ሥራ የጀመርኩ ዕለት ቀኝ እጄን አንሥቼ፣ የሰማሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ልናገር ማልኩ። መሐላው አጭር ነው። እኔ ግን መሐሉ ላይ አቆምኩና ጸሐፊዋ ውኃ አቀረበችልኝ። የአዲስ ሠራተኛ ፍርሃት መስሏት ይሆናል። እውነቱ ሌላ ነው። ከዚያ በፊት አሥራ አንድ ዓመት በአስተርጓሚነት ስሠራ ማንም አላስማለኝም ነበር፤ በእነዚያ ዓመታት አንድ ቀን ያልሰማሁትን ተናገርኩ፣ በዚያም የአንድ ሰው ስም ተበላሸ። ያንን ሥራና ያንን ቀን፣ ዝርዝሩ ሳይጠፋኝ ልጽፈው ፈለግኩ።

የሠራሁት በጋሼ ታደለ ቪዲዮ ቤት ነው። ቤቱ ከመቱ መናኸሪያ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮቶቹ በጥቁር ጨርቅ የተሸፈኑ፣ መቀመጫው ከዋንዛ የተሠራ አግዳሚ። በሌላው ቀን ፊልም ይታይበታል፤ እሑድ ከሰዓት ግን ቦክስ ብቻ ነው። ካሴቶቹ ከአዲስ አበባ ይመጡ ነበር፤ በኋላ ሲዲ፣ ከዚያም ፍላሽ ሆኑ። በውስጣቸው የሚናገሩት ሰዎች ግን ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ ነው፣ ያውም በጥድፊያ። ስለዚህ ከቴሌቪዥኑ ጎን ማይክሮፎን ይዞ፣ አንዱን በአማርኛ አንዱን በኦሮምኛ እያደረገ የሚናገር ሰው ያስፈልግ ነበር።

እኔ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም። እንግሊዝኛዬ ሽፋኑ ከወለቀ መዝገበ ቃላትና ከሬዲዮ የተለቀመ ነው። ጋሼ ታደለ ሲፈትኑኝ አንድ ዙር አጫወቱና የተባለውን ሁሉ እንድደግምላቸው ጠየቁኝ። ሳላቋርጥ ደገምኩላቸው። ደስ ብሎኝ ስጨርስ፣ «ሁሉንም ሰማኸው?» አሉኝ። አዎ አልኩ።

«ሦስት ቦታ ላይ ድምፁን ቀንሼው ነበር» አሉ። «እዚያ ላይ የተባለውን እኔም አልሰማሁም።»

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። እሳቸው ግን አላባረሩኝም። መሙላት እንደምችል እንዳዩ፣ የሚቀረኝ አለመሙላትን መማር እንደሆነ ነገሩኝና እሑድ እንድመጣ አዘዙ። ደመወዜ ትንሽ ነበረች፤ ስለሷ ይህ ይበቃል።

ጋሼ ታደለ በወጣትነታቸው የቦክስ ዳኛ ነበሩ። ልማዳቸው ብዙ ነው። ማንኛውንም ግጥሚያ ለሕዝብ ከማሳየታቸው በፊት ቅዳሜ ጠዋት ብቻቸውን፣ ድምፁን ዘግተው ያዩታል። በቀኝ ኪሳቸው ነጭ ቦሎቄ፣ በግራ ኪሳቸው ቀይ ቦሎቄ ይይዛሉ። አንዱ ተጋጣሚ በትክክል የመታ እንደሆነ ከአንዱ ኪስ አንድ ፍሬ ወደ ጣሳው ይጥላሉ፣ ሌላው ሲመታ ከሌላው። ዙሩ ሲያልቅ ጣሳውን ዘርግፈው ይቆጥሩና በደብተር ይጽፋሉ። በካሴቱ ላይ የተሰጠው ፍርድ ከቦሎቄያቸው ጋር ያልገጠመ እንደሆነ ካሴቱን እንደገና ያዩታል እንጂ ዳኞቹን አይሰድቡም።

እኔን ከሁሉ በፊት ያስተማሩኝ እግር ማየትን ነው። ተመልካች እጅ ያያል፤ ቡጢ ግን ከእግር ነው የሚነሣው። ሊመታ ያሰበ ሰው ተረከዙ ከመሬት ይላቀቃል። የደከመ ሰው በሙሉ ጫማው ይቆማል። ፊቱን እያኮሳተረ ሊያስፈራራ የሚሞክረውንም እግሩ ያጋልጠዋል። በመቱ ዝናብ ደግሞ ይህ ትምህርት ቅንጦት አልነበረም። ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት የጀመረ እንደሆነ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ጨርሶ ይጠፋል። ያኔ ሌላ ሰው ቢሆን ይፈጥር ነበር። ጋሼ ታደለ ማይክሮፎኑን ከእጄ ይወስዱና፣ «ሰውዬው እየተናገረ ነው፤ እኛ አልሰማነውም፤ እግራቸውን እንይ» ይሉ ነበር። ሰው መጀመሪያ ይስቃል። ቀጥሎ ግን የሚሉትን ሁሉ ያምናል።

ከግጥሚያው በኋላ የሚመጣው ክርክር ከግጥሚያው ይረዝማል። የተጋጣሚዎቹን ስም በትክክል የሚጠራ ስላልነበረ ሰዉ የራሱን ስም ያወጣላቸዋል። ሁልጊዜ የሚያከራክሩን ሁለት ነበሩ። አንዱ ከላይ ወደ ታች ስለሚመታ ዶማው ይባላል፤ ሌላው በሪንጉ ዳርና ዳር ስለሚዞር ሸረሪት። የክርክሩ መሪ ልብስ ሰፊው ሙላቱ ነው። የልኬት ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳደረገ ይመጣል፣ ፊት አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፣ ማንንም አይምርም። ሸረሪት አሥራ ሁለት ዙር ዞሮ ያሸነፈ ቀን፣ «ሩጫ ከፈለገ አትሌቲክስ ይሂድ እንጂ እዚህ ምን ይሠራል?» ብሎ ቤቱን በሳቅ አፈረሰው። ከወደ ኋላ አንዱ የቡና ነጋዴ፣ ያልተመታ ሰው ብልህ እንጂ ፈሪ እንደማይባል ተከራከረው። ሙላቱ ዞር ብሎም ሳያየው፣ «አንተማ ሚስትህ ስትቆጣ ዳሪሙ ገጠር ድረስ ነው የምትሸሸው፤ ለሱ ብትከራከር አይፈረድብህም» አለው።

ጋሼ ታደለ ክርክር አይከለክሉም። አንድ ሕግ ብቻ ነበራቸው። በዚያ ቤት ውስጥ፣ በአማርኛ ፈሪ በኦሮምኛ ሉግና የሚል ሰው፣ ተጋጣሚው የፈራበትን ዙር መጥራት አለበት። «ዙር ጥራ!» ይላሉ ከበሩ በኩል። ተናጋሪው ስድስተኛው ዙር መጨረሻ ላይ ካለ እኔ ካሴቱን እዚያው ድረስ እመልሰዋለሁ፤ ሁሉም በዓይኑ ያያል። ዙር መጥራት ያልቻለ ቃሉን ይስባል። ሰዉ ሕጉን ከመውደዱ የተነሣ፣ በኋላ በቡና ቤትም በታክሲም ሰው ሲታማ «ዙር ጥራ» የሚል ይሰማ ነበር።

ሁልጊዜ የሚመጣ፣ ግን የማይከራከር አንድ ሰው ነበረ። ገመቹ ይባላል፤ ባጃጅ ይነዳል። ከኋላ በሩ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ያያል እንጂ አይቀመጥም። ቦታ ቢለቀቅለትም አይቀመጥም። ለብዙ ጊዜ ባጃጁን እየጠበቀ ይመስለኝ ነበር። ሰዉ ከስሙ ይልቅ «በርጩማ» ብሎ ይጠራዋል። ያ ቅጽል እንዴት እንደወጣ ከኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ጋሼ ታደለ ጉልበታቸው ሲደክም ቤቱን ለኔ በአደራ ሰጥተው ዳሪሙ ወደሚገኘው የቡና ማሳቸው ገቡ። እኔም ያኔ ስም አትርፌ ነበር። በቡና ወቅት ቴሌቪዥንና ጄኔሬተር ጭነን ጎሬና ኡካ ድረስ እየሄድን እናሳይ ነበር፤ ሰው ድምፄን ከሩቅ ይለየዋል። በመቱ ሜዳ ላይ የከተሞች የቦክስ ውድድር ሲዘጋጅ የድምፅ ማጉያው ለኔ ተሰጠ።

የመጨረሻው ግጥሚያ በገመቹና በአንድ የበደሌ ልጅ መካከል ነበር። ሦስት ዙር ነው። ገመቹ ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሁለቱን ዙር በግልጽ መርቷል። ሕዝቡ በዛፍ ላይ ሳይቀር ሞልቷል። ሁለተኛው ዙር አልቆ ገመቹ በርጩማው ላይ ተቀመጠ፤ አሰልጣኙ፣ ዕድሜው የገፋ ሰው ነው፣ ከኋላው ቆመ። የሦስተኛው ዙር ደወል ተደወለ። ገመቹ አልተነሣም። ሕዝቡ በኦሮምኛ «ከኢ! ከኢ!» እያለ ተነሥ አለው፤ አልተነሣም። እኔ ከሪንጉ ወዲያ ማዶ ነበርኩ። ከፊቴ የዳኛው ጀርባ አለ። በዳኛው፣ በአሰልጣኙና በገመቹ መካከል የሚባለውን አንዲት ቃል አልሰማሁም። ያ ሁሉ ሰው ግን ወደ ድምፅ ማጉያው ዞሮ ከኔ ይጠብቅ ነበር፤ ባዶውን ቦታ ደግሞ መሙላት እችላለሁ።

«ገመቹ በቃኝ ብሏል» አልኩ።

ሦስት ቃል ነው። በአማርኛ አልኩት፣ ቀጥዬ በኦሮምኛ ደገምኩት። የውድድሩ ወረቀትም ላይ «ተጋጣሚው ስለተወ» ተብሎ ተጻፈ። ዳኛው የበደሌውን ልጅ እጅ ሲያነሣ ሙላቱ ከሕዝቡ መካከል፣ «እኔ ቁምጣ የሰፋሁለት ለቦክሰኛ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ለበርጩማ ነው» አለ። እውነትም የገመቹን ቀይ ቁምጣ የሰፋለት እሱ ነበር። እስከ ማግስቱ ቀልዱ ከተማውን አዳረሰው። ገመቹ ከዚያ በኋላ ጓንት አላጠለቀም።

ስድስት ዓመት አለፈ። ሰው ሁሉ በስልኩ ማየት ጀመረና አግዳሚዎቹ ባዶ እየሆኑ መጡ። ቤቱን ለመዝጋት ወስኜ ሳለሁ ሠርግ የሚቀርጸው ጎረቤታችን የድሮ ካሴቶቹን ወደ ፍላሽ ሲገለብጥ ያገኘውን አመጣልኝ። ያ ውድድር ነበር። መቅረጹን ጨርሶ ረስቶት ኖሯል።

ከጋሼ ታደለ በወረስኩት ልማድ ቅዳሜ ጠዋት ብቻዬን፣ ድምፁን ዘግቼ አየሁት። ካሜራው የነበረው ከኔ ማዶ፣ ከገመቹ በርጩማ በስተጎን ነው። ደወሉ ሲደወል የአሰልጣኙ ቀኝ እጅ የገመቹን ቁምጣ ወገቡ ላይ ጨብጦ ይዟል። በግራ እጁ ዳኛውን እየጠራ የገመቹን ዓይን ያሳየዋል። የገመቹ ግራ ዓይን አብጦ ተዘግቷል። እኔ ያን ቀን ያ ዓይን አልታየኝም፤ እጁም አልታየኝም። «በቃኝ» የሚል ግን ሰማሁ ብያለሁ።

ሰኞ ዕለት ገመቹን መናኸሪያው በር ላይ አገኘሁት። ባጃጁ ውስጥ ገብቼ ያየሁትን ነገርኩት፤ ስህተቱ የኔ እንደሆነም ነገርኩት። ለረጅም ጊዜ መሪውን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ።

«አውቃለሁ» አለ በመጨረሻ። «የተያዝኩት እኮ እኔ ነኝ።»

ታዲያ ለምን አልተናገርክም ብዬ ጠየቅኩት።

«ማን ያምነኝ ነበር? ያመነኝም ቢኖር አሰልጣኙን ነው የሚጠላው። ሐኪም ቤት ስሄድ አንድ ቡጢ ቢደገም ዓይኔ ይጠፋ እንደነበር ነገሩኝ። ሰውዬው ዓይኔን ነው ያተረፈልኝ።» ጨርቁን አጠፈና ደግሞ ጨመረ። «ሌላም አለ። እሱ ሽማግሌ ነው። እኔ ጎረምሳ ነበርኩ። የምር ልነሣ ብፈልግ ኖሮ እጁ ያስቀረኝ ነበር? ደክሞኝ ነበር፣ ዳዊት። ስድስት ዓመት ሙሉ ራሴን የምጠይቀው ይህንን ነው። ሰዉ በርጩማ ሲለኝ የማልቆጣው፣ ልክ ይሁኑ አይሁኑ ስለማላውቅ ነው።»

ይህን ስሰማ ጥፋቴ እኔ ከገመትኩት የሰፋ ሆኖ ታየኝ። ከተማውን ያሳመንኩ መስሎኝ ነበር። ለካ ራሱንም አሳምኜዋለሁ፤ ወይም ግማሽ አሳምኜ ትቼዋለሁ። ቪዲዮውን በመዝጊያው እሑድ ለሕዝብ እንዳሳየው ለመንኩት። ኡካ ያለውን አሰልጣኙን ሳይጠይቅ እንደማይሆን ነገረኝ።

በሳምንቱ መሐል ዳሪሙ ወረድኩ። መኪና ከሚቆምበት እስከ ጋሼ ታደለ ማሳ በእግር ነው። ቡና ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ ጉልበታቸውን በጨርቅ አስረዋል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው፤ ገመቹ ራሱን የሚጠይቀውንም ሳይቀር። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። አልተቆጡም፤ ብቻ ጠየቁኝ።

«እጁን አየህ። እግሩንስ?»

አላየሁም ነበር። ዓይኔ በራሴ ጥፋት ላይ ተተክሎ፣ እሳቸው መጀመሪያ ያስተማሩኝን ረስቼዋለሁ። ቤት ተመልሼ አየዋለሁ አልኳቸው።

«አትየው» አሉ። «አንተ ካየኸው ትናገራለህ። አንዴ በሱ ላይ ተናግረህበታል፣ ይበቃሃል። ከሕዝቡ ጋር እኩል እየው። ማይክሮፎኑን ደግሞ ንቀለው።»

ቅዳሜ ዕለት ገመቹ ደጃፌ ላይ ባጃጁን አቁሞ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ አሰልጣኙ «አሳዩት» ማለቱን ነገረኝና ሄደ።

በመጨረሻው እሑድ ቤቱ እንደ ድሮው ሞላ። ሙላቱ ሜትሩን አንገቱ ላይ አድርጎ ፊት ተቀምጧል። ገመቹ በቦታው፣ በበሩ ግድግዳ። መጀመሪያ ማይክሮፎኑን ይዤ ተነሣሁ። የተዘጋጀሁበት ረጅም ንግግር ነበረኝ፤ ከአፌ የወጣው ግን ይህ ብቻ ነው። «ዙር ልጥራ። ሁለተኛው ዙር ካለቀ በኋላ፣ የሦስተኛው ደወል እንደተደወለ፣ ገመቹ በቃኝ ብሏል አልኩ። አልሰማሁም። ፈጥሬ ነው።» ከዚያ ገመዱን ነቀልኩና አጫወትኩት።

የአሰልጣኙ እጅ ሲታይ ፊት ያሉት ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጉ። ሙላቱ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እሺ፣ እጅ አለ። አይተናል። ግን አንድ የሽማግሌ እጅ ሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ያስቀራል? መነሣት የፈለገ ሰው ሽማግሌውንም ጎትቶ ይነሣል።»

ገመቹ ባጃጁ ውስጥ ያለኝም ይኸው ነው። ወደ ግድግዳው ለማየት ድፍረት አላገኘሁም። ማይክሮፎኑ ቢሰካ ኖሮ አንድ ነገር እል ነበር፤ ደግሞም እሳሳት ነበር።

ከመካከል አንዱ፣ «ዙር ጥራ» አለው።

«ጠርቻለሁ እኮ» አለ ሙላቱ፣ «ደወሉ ላይ። መልሰው።»

መለስኩት። ሙላቱ ተነሥቶ ወደ ቴሌቪዥኑ ቀረበ፤ ጎንበስ አለ። አንዴ እንዳቆመው ጠየቀኝ፤ አቆምኩት። ትንሽ ወደ ኋላ፤ ትንሽ ወደ ፊት። ጨርቅ ሲመርጥ እንደማየው ዓይኑን ጠበብ አድርጎ ነበር።

«ይህን ቁምጣ የሰፋሁት እኔ ነኝ» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። «ላስቲኩን እጥፍ አድርጌ ነው ያስገባሁት፣ ከወገቡ እንዳይለቅ። በእጅ ብትይዘው ብቻ አይወጠርም።» ጣቱን መስታወቱ ላይ አደረገ። «እዩ፣ ይኸው ወገቡ ላይ አንድ ስንዝር ወጥቷል። ጨርቅ ዝም ብሎ አይወጠርም። ወደ ፊት የሚሄድ ገላ ከሌለ አይወጠርም።»

ጣቱ በጨርቁ ስፌት ላይ ወደ ታች ወረደ፤ ከጉልበቱ አልፎ ጫማው ላይ ቆመ።

«ተረከዙም ከመሬት ለቋል» አለ።

ያኔ እኔም አየሁት። የቀኝ ተረከዙ አንድ ጣት ያህል ከሪንጉ ወለል ተነሥቷል። የበርጩማው የኋላ እግሮችም አብረው ተነሥተዋል። ከዚያ የአሰልጣኙ እጅ ይስበዋል፣ ተረከዙ ይመለሳል። ሁሉም ከአንድ ደወል ያነሰ ጊዜ ነው።

ክርክሩ ወዲያው ተነሣ፣ ያውም የጦፈ። የቡና ነጋዴው አሰልጣኙ ትክክል ነው አለ፤ ሌላው አንድ ዙር ሊተውለት ይገባ ነበር አለ፤ ሙላቱ ደግሞ ያ ልጅ በአንድ ዓይኑም የበደሌውን ይጥለው ነበር ብሎ መማል ጀመረ። ስለ ዶማውና ስለ ሸረሪት እንደሚከራከሩት ነበር የተከራከሩት፣ በዙርና በእግር። ሙላቱ ስሙን ሲጠራ ገመቹ አለ። ሌሎቹም ገመቹ አሉ። ማንም ይህን ልብ ያለው አልመሰለኝም፤ እኔ ግን ቆጠርኩት፣ እንደ ጋሼ ታደለ ቦሎቄ።

ገመቹ ከግድግዳው ተላቆ በአግዳሚዎቹ መካከል መጣ። ፊቱ ላይ ያለውን ነገር ምን ብዬ እንደምጠራው አላውቅም፤ ስለዚህ አልጠራውም። ፊት አግዳሚ አጠገብ ሲደርስ ቆመ።

«ሙላቱ፣ እልፍ በል» አለ።

ሙላቱ ሜትሩን ሰብስቦ እልፍ አለለት። ገመቹ ተቀመጠ። ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቀና ብሎ ወደኔ አየ።

«መልሰው፣ ዳዊት» አለኝ። «ከደወሉ።»